ባያምርም እሥላለሁ

ሥዕል እንደምሥል የሰሙ ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንዱ «ተምረሽ ነው?» ሲሆን ሌላው «ትሸጪዋለሽ?» ነው። ለሁለቱም «አይ» ስል ግራ ይጋባሉ። ትምህርቱም ገበያውም ከሌለ፣ የቤት ኃላፊነት ያለባት ሴት ቅዳሜ ከሰዓት ቀለም በጥብጣ ምን ትሠራለች?

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አብዛኞቻችን ሥዕልን ያወቅነው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በታላላቆቹ ሠዓሊዎች ስም ነው። አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ቀና ብሎ ያየ ሰው «እስቲ እኔም ልሞክር» የሚልበት ወኔ ከየት ያገኛል? ሥዕል ተሰጥኦ ያለው ሰው ሥራ ነው፣ የቀረነው ተመልካች ነን ተብለን አድገናል። እኔ ግን ተሰጥኦ ባይኖርም፣ ሥዕሉም ባያምር፣ መሣል ሰውን ያሳርፋል ባይ ነኝ። ይህንንም የምለው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው።

ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሐኪም ማዘዣ አነባለሁ፣ የመድኃኒት መጠን አሰላለሁ፣ የልጅ ሽሮፕ በስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ለእናቶች ደጋግሜ አስረዳለሁ። በእኔ ሥራ «ትንሽ ቢዛነፍ ምን አለበት» አይባልም። 5 ሚሊግራም ታዞ 50 ቢሰጥ ሰው ሊሞት ይችላል። ጥንቃቄው የሙያዬ ክብር ስለሆነ እወደዋለሁ። ችግሩ ጭንቅላት ሲወጠር ውሎ ማታም አልረግብ ማለቱ ነው። ራት እየበላሁ ማዘዣ ይታየኛል፤ ተኝቼም «ያቺን ሴትዮ ከምግብ በኋላ ውሰጂ ብያታለሁ ወይስ አላልኳትም?» እላለሁ። ቴሌቪዥኑም ስልኩም አላስረሳኝም። ያስረሳኝ የልጄ የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም ነው። ልጄ ትታው በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩ ለቤታችን አዲስ አልነበረም። እናቴ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ኪሮሿንና ነጩን ክር ከቅርጫት ታወጣለች። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የብርጭቆው መደርደሪያ ሁሉ ዳንቴል ለብሶ ነበር። ጎረቤቶቿም እንዲሁ ናቸው። አንዷ የሌላዋን አበባ በዓይኗ ወስዳ ቤቷ ትሞክረዋለች፤ አንድ ቅጠል ይጎድለዋል፣ ወይም ጠርዙ ይጨማደዳል፤ እንደዚያው ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል። እናቴን «ተሰጥኦ አለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አላስታውስም። እጇ ሲሠራ ፊቷ ይፈታል፤ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ እኛ ልጆቿም ፈቃድ የምንጠይቀው ያን ሰዓት ጠብቀን ነበር። ሥዕልን ከፈረንጅ የመጣ ቅንጦት የሚያደርጉ ሰዎች ሲገጥሙኝ የእናቴን ኪሮሽ አነሣላቸዋለሁ።

ሙያዬ ማስረጃ ጠይቂ ይለኛልና ፈልጌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ፊላደልፊያ በሚገኘው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ጊሪጃ ካይማል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት አለ። 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በማርከር፣ በሸክላ ጭቃና በተቆራረጠ ወረቀት የፈለጉትን እንዲሠሩ ተደረገ። «ይህን ሥሩ» ያላቸው የለም። ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ምራቃቸው ተወስዶ ሰው ሲጨነቅ የሚጨምረው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ተለካ። ወደ 75 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀንሶ ተገኘ። ኮርቲሶልን በሥራዬ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለቆዳ ማሳከክ የምንሰጠው ሃይድሮኮርቲዞን ያው ሆርሞን ነው፣ መድኃኒት ሆኖ። እኔን ያስደሰተኝ ግን የጥናቱ ሌላ ክፍል ነው፤ ቀደም ሲል ሥዕል የሠሩትና ሠርተው የማያውቁት ሰዎች ውጤት አልተለያየም። ዕረፍቱን ለማግኘት ችሎታ አላስፈለገም ማለት ነው።

ሥዕል መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በዚህ ማስረጃ ብቻ አላሳልፈውም ነበር። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሳይሥሉ ለ45 ደቂቃ ዝም ብለው ከተቀመጡ ሌሎች ሰዎች ጋርም አልተነጻጸሩም። ከአራት ሰው ባንዱ ላይ ደግሞ ኮርቲሶሉ አልቀነሰም። ስለዚህ ሥዕል ያለ ማዘዣ የሚወሰድ የጭንቀት መድኃኒት ነው አልልም። በሥዕል ማከም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣለት አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ እሱም የጀመረው በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሳናቶሪየም በተኛበት ጊዜ አልጋው አጠገብ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ እየሣለ ነው። የከበደው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። እኔ የማወራው ጤነኛ ሆኖ ስለደከመው ሰው ነው።

የደከመው ሰው ከተባለ ዊንስተን ቸርችልን ማንሣት ይቻላል። ብሩሽ የጨበጡት በ40 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የዳርዳኔልስ ዘመቻ ከሽፎ ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነታቸው ከተነሡ በኋላ ገጠር ቤት ገብተው በሐዘን ተቀምጠው ሳለ፣ የወንድማቸው ሚስት በውሃ ቀለም ስትሥል አይተው ሞከሩ። ወደ ዘይት ቀለም ሲሻገሩ ነጩ ሸራ አስፈራቸው። በትንሽ ብሩሽ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አድርገው ቆሙ። የሠዓሊው ጆን ላቨሪ ባለቤት ሄዘል፣ ራሷም ሠዓሊ ነበረች፣ ደርሳ ትልቁን ብሩሽ ተቀበለቻቸውና ሸራውን ግራ ቀኝ በቀለም ሞላችው። ሸራው ምንም እንደማያደርጋቸው ያኔ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ከ500 በላይ ሥዕል ሠርተዋል። ሥዕልን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ በሚያወሳው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በመጽሐፍ መልክ በታተመው ጽሑፋቸው የሚሉት፣ የደከመ አእምሮ ዝም ብሎ በመቀመጥ እንደማያርፍና ሥራ ያልበዛበትን ወገኑን በማሠራት እንደሚያርፍ ነው። እኔም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ማታ ማታ የሚመጣብኝን ማዘዣ «ሂድ» ብዬ አላባረርኩትም፤ ዓይኔ የጀበና አንገት ሲከተል ማዘዣው ቦታ አጣ።

ስለ ቀለሙ ራሱ ሳላወራ አላልፍም፤ የምወደው ክፍል ነው። የቀለም ሣጥኔንና የመድኃኒት መደርደሪያዬን ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ግማሹ ዕቃ አንድ ነው። የውሃ ቀለም የተፈጨ የቀለም ዱቄት፣ ሙጫና ጥቂት ማለስለሻ ነው። ሙጫው የግራር ሙጫ ነው፤ በዓለም ገበያ ሱዳን ትመራበታለች፣ ከእኛም ቆላ ይሰበሰባል። ፋርማሲ ስንማር የማይሟሟ ዱቄት ከውሃው በታች እንዳይዘቅጥ ይህንኑ ሙጫ በሙቀጫ እየፈጨን እንጨምር ነበር። በቀለም ውስጥም ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ አጣብቆ የሚያስቀረው እሱ ነው። ቀለሙ ደርቆ እንዳይሰነጣጠቅ የሚገባው ግሊሰሪን ደግሞ ለደረቀ ቆዳ ከእኛ የሚገዛው ነው። ነጩ ቀለም ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ዊንሶርና ኒውተን የተባለው የእንግሊዝ የቀለም ቤት እ.ኤ.አ. በ1834 ለውሃ ቀለም አውጥቶታል፤ እኛ ዳይፐር መቀመጫውን ላቆሰለው ሕጻን እንሰጠዋለን። ለሽፍታ የሚቀባው ካላሚን ሮዝ የሆነው በውስጡ ባለው ትንሽ የብረት ኦክሳይድ ነው። የተቃጠለ ሲዬና የሚባለው ቀይ ቡና ዓይነት ቀለምም የብረት ኦክሳይድ ያለበት አፈር ተጠብሶ ነው የሚገኘው። ከመስኮቴ የሚታየው የጎረቤት ጣራ ዝገትም የብረት ኦክሳይድ ነው። የዛገ ቆርቆሮ በሲዬና ስቀባ ዝገቱን በራሱ በዝገት እየሣልኩት ነው ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሰማያዊውም ታሪክ አለው። አልትራማሪን ጥንት ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚወጣ የከበረ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኝ እጅግ ውድ ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 አንድ የፈረንሳይ ማኅበር በርካሽ ሊሠራ ለቻለ ሰው 6,000 ፍራንክ ሽልማት አወጀ፤ ጊሜ የተባለ ሰው ሠርቶ በ1828 ሽልማቱን ወሰደ። ዛሬ አልትራማሪን በትምህርት ቤት ልጆች ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። አልትራማሪኑን ከሲዬናው ጋር የቀላቀለ ሰው የክረምት ደመናን ግራጫ ያገኛል፤ ውሃውን ቀነስ ካደረገው የጀበና ጥቁር ይሆንለታል። ጥቁር ቀለም ገዝቼ አላውቅም።

ሙያዬ ስለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የካድሚየም ቀይና ቢጫ መርዛማ ብረት አለባቸው። ብሩሽን በምላስ ማሾል፣ የቀለም ውሃውን ከሻይ ብርጭቆ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም። ለልጆች ደግሞ የልጆች ቀለም ይገዛላቸው።

የውሃ ቀለም በሰው ትእዛዝ ብቻ አይሄድም። ውሃው ዱቄቱን ተሸክሞ ወደሚፈልገው ይሄዳል፤ ሠዓሊው አቅጣጫ ያሳየዋል እንጂ አይነዳውም። አንድ ጠብታ ሲደርቅ መሃሉ ነጣ ብሎ ጠርዙ ይጠቁራል። ይህን እያንዳንዳችን ቡና የፈሰሰበት ረከቦት ላይ አይተነዋል። ምክንያቱን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አብራርተውታል፤ ጠብታው ከጠርዙ በኩል ፈጥኖ ስለሚተን፣ ያንን ለመተካት ከመሃል ወደ ዳር ውሃ ይፈስሳል፣ ደቃቁን ዱቄትም ይዞት ይሄድና ዳር ላይ ይጥለዋል። ግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ብዙ ውሃ የያዘ ብሩሽ ብናሳርፍም ውሃው ያገኘውን ቀለም ገፍቶ ጠርዙ የተሸበሸበ ነጭ ነቁጥ ይተዋል። ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ነቁጥ ሲመጣ መጀመሪያ እናደድ ነበር። አሁን ትንሽ እጠብቀውና ደመና አደርገዋለሁ፤ ደመና ሊሆን ካልፈቀደ እተወዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ምንም እንዳያመልጠኝ ስጠነቀቅ ለዋልኩት ለእኔ፣ ከእጄ ያመለጠ ነገር ማንንም ሳይጎዳ ሲቀር ማየት ትልቅ ነገር ነው። ትከሻዬ የሚወርደው እዚያ ላይ ነው።

ጀበናና ስኒ ደጋግሜ እሥላለሁ። ጀበናው ላይ የሚያስቸግረው የሆዱ ሁለት ጎን እኩል አለመምጣቱ ነው፤ ግራው ያብጣል፣ ቀኙ ይከሳል። ስኒው ላይ ደግሞ አፉ ነው። ስኒ አፉ ክብ መሆኑን እናውቃለን፤ ቁጭ ብለን ከጎን ስናየው ግን ክብ አይታይም፣ ጠበብ ያለ ሞላላ ነው። እጅ የሚያውቀውን እንጂ የሚያየውን አይሥልም፤ ክብ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ስኒውም ወደ እኛ የተዘነበለ ይመስላል። ይህን ለማስተካከል ብቸኛው መንገድ ስኒውን ማየት ነው፤ ከዚህ በፊት አይተነው በማናውቀው መጠን ማየት። ከስንት ዓመት በኋላ የስኒዬ ጆሮ ከታች በኩል ወፈር እንደሚል፣ የቡናው ጠርዝ ላይ ወርቅማ ቀለበት እንዳለ ያየሁት ለመሣል ስቀመጥ ነው። የሣልኩት ስኒ ዛሬም ያዘነብላል። የማየው ግን ጨምሯል።

እሑድ ከሰዓት አንዳንዴ ጎረቤቶች ተሰብስበን አንድ ግቢ ውስጥ እንሥላለን። አስተማሪ የለንም። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ ሹፌር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጉልበታቸውን የጨረሱት ከአሰብ አዲስ አበባ ጭነት በማመላለስ ነው፤ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ነበር የሚነዱት። መጀመሪያ ሰሞን ሻያቸውን ይዘው ያዩናል እንጂ አይነኩም ነበር። «ይሄ የልጅ ሥራ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ግን «እስቲ ያቺን ብሩሽ ወዲህ በያት» አሉኝ። እርሳስ አልፈለጉም። በቀጥታ በቀለም ገቡበት።

ኤንትሬዋን ሣሏት። የፊት ጎማ ከኋላው ያንሳል፤ አንዱ ጎማማ ክብም አይደለም። በሸራ የተሸፈነው ጭነት ከመኪናዋ ይተልቃል። መንገዱ ወረቀቱን ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከእኛ ጋር የምትሥል ተማሪ ልጅ ጎንበስ ብላ አየችና «ጋሼ፣ መንገዱ ግድግዳ መሰለ እኮ» አለቻቸው።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ጭነት ይዘሽ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በጭጋግ ስትወጪው ግድግዳ ነው።»

ከዚያ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ፍሬኑ፣ አብሯቸው ስለሚሄደው ረዳት፣ ጎማው ሥር ስለሚገባው ድንጋይ ሲያወሩ መሸ። ሚስታቸው እንኳ ያን ወሬ ሰምተውት እንደማያውቁ ነግረውናል። መስመር አጠቃቀም የተማረ ሰው ቢሆን መንገዱን አስተኝቶ፣ ጎማውን አስተካክሎ ይሥለው ነበር። ጥሩ ሥዕል ይወጣው ይሆናል፤ ያ ሽቅብ ግን አይኖርም። የጋሼ እጅ የማይችለው ነገር ብዙ ነው፤ እጃቸው ያልቻለውን ሁሉ ጥለው ያስቀሩት ግን የሚከብዳቸውን ጭነትና የሚያስፈራቸውን ዳገት ነው። ሥዕሉ እኔ ቤት ተሰቅሏል፤ ለምኜ ነው የሰጡኝ።

ወደ «ትሸጪዋለሽ?» ልመለስ። ለበዓል ካርድ አድርጌ እንድሸጥ፣ ገጽ ከፍቼ እንዳስተዋውቅ የመከሩኝ ወዳጆች አሉ። በደግ ልብ ነው፤ ኑሮው ተወዷልና ትርፍ ሰዓት ሳንቲም ቢያመጣ የሚጠላ የለም። እኔ ግን ለዚህች ሰዓት ዋጋ አላወጣላትም። ዋጋ የወጣለት ነገር ገዢ አለው፤ ገዢ ካለ ሲሠራም አጠገብ ይቀመጣል፤ «ይህን ይወዱታል ወይ?» እያልኩ ልሥል ነው። ያ ደግሞ ሌላ ፈረቃ ነው። ለመሸጥ የሚሥሉትን ማክበር ያለብንም እንደ ባለሙያ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥዕል ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው፣ ተማሪን ዓመታት አስቀምጦ የሚያስተምረው ሥራው ሙያ ስለሆነ ነው። የእነሱ ሥዕል ይገዛ፤ የእኔ እዚሁ ይቅር። የባለሙያዎችን ሥዕል ለማየት ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ስሄድ ድሮ ቶሎ ቶሎ አልፍ ነበር። ብሩሽ ከያዝኩ ወዲህ አንድ ሸራ ፊት ረጅም ጊዜ እቆማለሁ፤ አንዱ ቀለም ከሌላው ጋር የተገናኘበት ጠርዝ ምን ያህል እንደሚያለፋ እጄ ስለሚያውቅ።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። ቢጫ፣ ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊና የተቃጠለ ሲዬና ካሉ ሌላው ተቀላቅሎ ይወጣል። ጫፉ የሚሾል አንድ ወፍራም ብሩሽና አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ አንዱ ለማጠቢያ ሌላው ለንጹሕ፣ ቀለም መቀላቀያ ነጭ ሳህን፣ አሮጌ ጨርቅ። ቀለም ያጣ በወፍራሙ በፈላ ቡና ይጀምር፤ አንዴ ሲቀባ ፈዘዝ፣ ሲደራረብ ጠቆር እያለ የሚያምር ቡናማ ይሰጣል፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ይደበዝዛል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በወረቀት ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ሲታሽ ይበጣጠሳል፣ ሰውየውም «እኔ አልችልም» ይላል። አለመቻሉ የወረቀቱ ነው። ለውሃ ቀለም የሚሆነው 300 ግራም የሚመዝነው ነው። ውድ ነው፤ አንዱን ትልቅ ወረቀት በፖስታ ካርድ መጠን ቆራርጦ መጠቀም ወጪውን ያቀልለዋል። አራቱን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ጠረጴዛ ላይ ማጣበቅም እንዳይጎብጥ ይረዳል።

የሚሣለውን ነገር ቤት ውስጥ መፈለግ ነው፤ ቃሪያ፣ ቁልፍ፣ የተላጠ ብርቱካን፣ ጫማ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ከፎቶ ሳይሆን ከዕቃው መሣል ይሻላል፤ ፎቶ ስኒውን አስቀድሞ ጠፍጣፋ አድርጎታልና ማየቱን እሱ ይጨርስብናል። ሲያልቅ ቀኑን ከጥግ ላይ መጻፍ ጥሩ ነው። ያልተወደደውን ወረቀት መቅደድ አያስፈልግም፤ 300 ግራም ወረቀት ሁለቱንም ፊት ስለሚችል ሲደርቅ ገልብጦ በጀርባው ቃሪያውን እንደገና መሞከር ይቻላል።